ጃቤዝ በመሀል መንገድ

ጃቤዝ ያን እሑድ ግድግዳውን ታክኮ ቢያልፍ ምን ነበረበት? ከማንቸስተር ሰው ይህን የሚመልስ የለም፤ እሱ ራሱም አያውቀውም።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ፣ አንኮትስ በሚባለው ሰፈር አደገ። በአሥር ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ገባ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ትከሻው ሰፋ። ብረት የተመታበትን የእንጨት ጫማውን እያንቋቋ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ መንገዱ የአባቱ ርስት ይመስል ነበር። እንግሊዞች ለእንዲህ ያለው አካሄድ «ስትራት» የሚል ቃል አላቸው። በጥንቱ ቋንቋቸው ቃሉ ማበጥ፣ ድርቅ ብሎ መቆም ነበር፤ ቀጥሎ መደንፋትና መጣላት ሆነ፤ ወደ እግር የወረደው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በጃቤዝ ሰፈር ግን ጠቡና አካሄዱ ጨርሶ አልተለያዩም።

ዶርካስ የምትባል ሸማኔ ወደደ። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ሳልፎርድ ነው፤ የዚያ ሰፈር ጎረምሶች አለቃ ደግሞ ወንድሟ ሩበን። በጎረምሶቹ ደንብ፣ ሴት ሊጠይቅ የመጣ የሌላ ሰፈር ልጅ አቀርቅሮ በግድግዳው ጥግ ካለፈ አይነኩትም። መሀል መንገዱን ከያዘ የቀበቶ ዘለበት ይወርድበታል። ቀና ብሎ የልጅቷ ደጃፍ ከደረሰ ግን ከዚያ ወዲያ የሚከለክለው የለም።

«ለአንድ ቀን ብታቀረቅር ምን ትሆናለህ?» አለችው።

«አንዴ ካቀረቀርኩ ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ስልስ ልኖር ነዋ!»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሩበንና ሦስት ጓደኞቹ ቀበቷቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ቆመዋል።

«እዩልኝ የአንኮትስን አውራ ዶሮ! አንተ፣ ግድግዳው እዚያ ነው።»

«አይቼዋለሁ። አንተ ተደገፈው፣ እንዳትወድቅ።»

የመጀመሪያው ዘለበት ቅንድቡን ተረተረው። ጃቤዝ በጫማው ብረት የአንዱን ቅልጥም ሰበረ። ሁለተኛው ዘለበት አፉ ላይ አረፈ፤ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሦስተኛው ጭንቅላቱን ሲለው ወደቀ፤ ሲረጋግጡት ክር የሚቀጥልባቸው ጣቶች ተሰባበሩ። ተነሣ። ጎድኑ ስለተሰበረ ደረቱን መንፋት አቃተው፤ አንገቱን ገትሮ ግን መሀሉን ይዞ ሄደ። ሩበን ከኋላው ቀበቶውን ሲያነሣ ዶርካስ የምድጃውን መቆስቆሻ ብረት ይዛ ወጣች፤ የወንድሟን የእጅ አንጓ መታች።

«ደጃፌ ደርሷል! ዓይን የለህም?»

ሩበን እጁን አቅፎ ጎንበስ አለ። የጃቤዝ አንድ እግር ደፉ ላይ ነበር። ሩበን ምራቁን ተፋና ገለል አለ።

የሰፈሩ አዋላጅ ጭንቅላቱን ዳብሳ፣ «እንዳይተኛ፤ ከተኛ ላይነቃ ይችላል» አለች። ዶርካስ ዓይኑን በከደነ ቁጥር ጉንጩን በጥፊ እያለች ሌሊቱን አነጋች።

«ሳላገባህማ አልቀብርህም!»

አዋላጇ በማግስቱ ተመልሳ ዓይኑን ገልጣ አየችና፣ «በቃ፣ ክፉው አልፏል፤ ተይው ይተኛ» አለች። ጃቤዝ ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የፋብሪካው ፊሽካ ለምሳ ሲጮኽ ተኛ።