ደንቡን ያላስተኙት ዳኛ

ጋሽ ሃልቫርድ ባለፈው ወር እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ በቤታቸው ሳሉ ማረፋቸውን ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው በሐዘን እገልጻለሁ። እዚህ ያለው የኢትዮጵያውያን ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ አስተርጓሚያቸውም ነበርኩ።

በአገራቸው በኖርዌይ ዳኛ ነበሩ። ኋላ የችሎቱን ወንበር ትተው ፓርላማ ገቡ፤ ሥራቸውም የሕገ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ባለቤታቸው አገር፣ ወደዚህ መጡ። ከእኛ ጋር ያገናኛቸው ጠባችን ነው። የሜይፌርና የአይቮሪ ፓርክ ሰፈር አባላት በሊቀ መንበር ምርጫ ተጣልተን ዕድሩ ሊፈርስ ሲል፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሽማግሌ ፈለግን። ከእርሳቸው የበለጠ ገለልተኛ ከየት ይመጣል?

ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ ያናገሩት የተሸነፉትን ነበር። «ያሸነፈ ሰው ዝም ቢልም ድምፁ ይሰማል» ይሉ ነበር። ታረቅን፤ አዲስ ደንብም አረቀቁልን። አንዱን አንቀጽ ያመጡት ከአገራቸው ነው፦ ደንቡን የሚለውጥ ሐሳብ ዛሬ ቢቀርብ፣ ድምፅ የሚሰጥበት ከሚቀጥለው ምርጫ በኋላ ነው። ሰው በስሜት ተነድቶ ሕግ እንዳይነካ ነው ብለው አስረዱን። እኛ ችኩሎቹ እያጉረመረምን ተቀበልን።

አይቮሪ ፓርክ ያለው የአባላችን የታምራት ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ በተዘረፈ ማግስት መጥረጊያ ይዘው ደረሱ። ስለ ክስ ያነሡት የመስተዋቱን ስብርባሪ ጠርገው ከጨረሱ በኋላ ነው። ታምራት ይህን አልረሳም። እርሳቸው መታመማቸውን ሲሰማ ዳኛውም በተገኙበት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የዕድሩ አባል ይሁኑልን አለ። ደንቡ ግን አባልነትን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነበር የሚፈቅደው።

«ዳኛ፣ ለእርስዎ እኮ ነው! ለአንድ ቀን ደንቡን እናስተኛው፤ ሻርፕ፣ ተስማማን?» አላቸው።

ሳቁ። «ለእኔ ብላችሁ ያስተኛችሁት ደንብ ለማንም አይነቃም። ምርጫውን ጠብቁ።»

ምርጫው ሳይደርስ ሞቱ። ዕድራችን አባሉ ላልሆነ ሰው ድንኳን አይተክልም፤ አልተከልንምም። በደንቡም፣ እውነቱን ለመናገር በእርሳቸውም ተናድጃለሁ። ቀብሩ ላይ ግን ሁላችንም በየግላችን ተገኘን። የአይቮሪ ፓርክ ሰዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

ጋሽ ሃልቫርድ፣ ምርጫው ትናንት ተካሄደ። ከምርጫው ቀጥሎ አባልነትን ለሌሎችም የሚከፍተው የታምራት ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ፤ የተቃወመ አልነበረም። እርስዎም አባላችን ሆኑ። ድንኳንዎን ዛሬ ጠዋት ሜይፌር ተክለናል፤ ይህን የምጽፍልዎ ከሥሩ ተቀምጬ ነው። ታምራት ወንበር እየደረደረ ያለቅሳል። ዘግይተናል፤ ደንቡን ግን አላስተኛንም። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።