ለእንግዳ የጸዳ በርሜል

ኩላሊቷ ከተቀየረ ወዲህ እናቴ የሰውነቷን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች። ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጠላው ነው፤ ሊጠላ የሚገባውን ጀርም መጥላትም አብሮ ተወ። ሐኪሟ ያልፈላ ውሃ እንዳትጠጣ ከልክሏታል። እሷ ግን በየእሑዱ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ከማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቀው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል አንድ ኩባያ ጠበል በባዶ ሆዷ ትጠጣለች። ከቧንቧ ተቀድቶ የተባረከ ውሃ ነው፤ ሳምንታት ይቀመጣል።

ተከራከርኳት ለማለት ይከብደኛል። ለመከራከር ስሜት ያስፈልጋል፤ እኔ በዚያ ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር። የምሠራው ውሃ በሚመረምር ላብራቶሪ ስለሆነ፣ ልመርምረውና እንወስን አልኳት። ተስማማች።

“ንጹሕ ከሆነ ግን ሁለተኛ አፍህን እንዳትከፍት” አለችኝ።

ስህተቱ የእኔ ነው። ማክሰኞ ለሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ኮል አድርጌ ሐሙስ እንደምመጣ ነገርኳቸው። ሐበሻ ዘንድ እመጣለሁ ብሎ አስቀድሞ መናገር ምን እንደሚያስከትል፣ በሃምሳ ዓመቴ ላውቀው ይገባ ነበር።

ሐሙስ ስደርስ የበረኪና ሽታ ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ ተቀበለኝ። ረቡዕ ከሰዓት ሦስት ሴቶች በርሜሉን በበረኪና ሲፈትጉ ውለው አዲስ ውሃ ሞልተውበታል፤ ቄሱም ባርከውታል። የበርሜሉን መቅጃ ቧንቧ ውስጡን ግን ማንም አልነካውም። ለምን ሳይነግሩኝ እንዳጸዱት ሊቀመንበሩን ብጠይቃቸው፣ የተማረ ልጃችን ሲመጣ በቆሻሻ ልንቀበለው ኖሯል ወይ ብለው ተቀየሙኝ። ናሙናዬን ቀድቼ ሄድኩ።

በረኪና ያገኘው ባክቴሪያ ሁሉ አይሞትም። ሽፋኑ ተልጦ፣ ግማሽ በድን ሆኖ የሚተርፍ አለ። እኛ ባክቴሪያ የምናበቅልበት የላብራቶሪ ሳህን ደግሞ የማንፈልጋቸውን ጀርሞች የሚከለክል ኬሚካል አለበት። ጤነኛው ይቋቋመዋል፤ የተጎዳው አይችልም፣ ስለዚህ አይበቅልም። ያልበቀለ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ እንደሌለ ነው። በዚህ ሕግ የሚተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የእኛ ቢያንስ በጽሑፍ አስቀምጦታል።

ዓርብ ሳህኑ ባዶ ነበር። “አልተገኘም” የሚለውን ወረቀት ፈርሜ ላክሁላቸው። በአሠራራችን መሠረት ውሸት አልነበረም።

ከዚያው ውሃ ግማሹን ግን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የባክቴሪያ ምግብ በሆነ፣ ምንም ከልካይ በሌለበት መረቅ ውስጥ እንደ አራስ ሙቅ ቦታ አሳድሬው ነበር። ደፈረሰ። ከመረቁ ወስጄ ያው ሳህን ላይ ብዘራው፣ ቅዳሜ ጠዋት በቅለው አገኘኋቸው፤ አረንጓዴ የብረት ነጸብራቅ ያላቸው፣ ከሰገራ የሚመጡት ዓይነት። አገግመው ነበር። አልደነገጥኩም። ሳህኑን ከድኜ እጄን ታጠብኩ። ለሊቀመንበሩ መደወል ነበረብኝ፤ ነገ አገኛቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

እሑድ አረፈድኩ። ቅዳሴው አልቆ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በማይክሮፎን ሲያነቡ፣ ሕዝቡ እልል ሲል ደረስኩ። እናቴ በዕድሜዋ ምክንያት ከሰልፉ ፊት ናት፤ ኩባያዋን ሞልታለች። ሰው እየገፋሁ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ።

“የፈረምከው አንተ አይደለህም?” አለች።

“ነኝ። ግን ጀርሞቹ አልሞቱም፣ እማዬ። ተጎድተው ነው።”

“የተጎዳ አይቆጠርም?”

“እኛ ጋ አይቆጠርም።”

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በሽተኛ የምታይ ትመስል ነበር። ከዚያ ኩባያውን ከአፏ አርቃ፣ ጣቷን ነክራ ግንባሯን አበሰች። ጎንበስ ብላ የቀረውን እግሯ ላይ አፈሰሰችው። “በዚህም ያድናል” አለች፤ አልጠጣችም።

ከኋላዋ ያሉት ሳይቀዱ ሊቀመንበሩን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኳቸው። አመኑኝ ለማለት አልደፍርም፤ ግን ሰልፉን በትነው በርሜሉን ከደኑት፣ መቅጃውም እንዲቀየር አዘዙ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ እንደምመረምር ቃል ገባሁ።

“ኦኬ፣ ቀኑን ብቻ ቀደም ብለህ ንገረን” አሉ፤ “አሰናድተን እንጠብቅሃለን።”

“አልነግርዎትም” አልኳቸው።