በመስኮቱ ሥር ያሉት አባባ

ሲስተር ታቢታ በአዋሳው ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎችን ልብ፣ አመመኝ ያለውንም ያላለውንም፣ በየማለዳው ታዳምጣለች። በመስኮቱ ሥር የተኙት ዓሣ አስጋሪ ግን ለዚያች ሰዓት እንደ ሙሽራ ነው የሚሰናዱት። ማኅበራቸው ለአብዮት በዓል ያደላቸውን ካኪ ኮት በፒጃማቸው ላይ ይደርባሉ፤ ሽበታቸውን በውሃ ያስተኛሉ፤ የማዳመጫውን ቀዝቃዛ ብረት መረብ ባሻከረው መዳፋቸው አሙቀው ራሳቸው ደረታቸው ላይ ያኖሩታል።

ሰሞኑን ልባቸው ጠዋት ጠዋት እየጋለበ አስቸግሯል። ዶክተሩ ምክንያቱ ቢጠፋው አዲስ አበባ ሊልካቸው አስቧል።

ዛሬም ደህና ሲመታ ቆይቶ ድንገት ጋለበ። ታቢታ ደንግጣ ቀና ስትል፣ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የምትሸጥ ሴት አጠገባቸው ለተኛው ወንድሟ እንደ ወትሮው የጠዋት ሾርባ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"እንዴት አደሩ?" አለቻቸው ሴትዮዋ።

"ተመስገን! በጣም ደህና!" አሉ፣ ከአንገታቸው ቀና ብለው።

ሴትዮዋ እንዳለፈች ወደ ታቢታ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ ለዶክተሩ እንዳትነግሪብኝ፤ ማስታገሻ ያዝብኛል።"

ወዲያው ዶክተሩ ገባ። "የአባባ ልብ ዛሬም ጋለበ?"

"ጋለበ፣ ዶክተር" አለች ታቢታ ሳቋን እየዋጠች፤ "ግን መድኃኒቱ አዲስ አበባ አይገኝም።"