የአባቴ ጥግ እና ሳውንድ ካርዱ

ስለ ሳውንድ ካርድ፣ ለኮምፒውተር ድምፅ ስለሚሰጠው ዕቃ፣ አንድ ሰው ማወቅ ከሚገባው በላይ አንብቤያለሁ። ሙዚቃ እንኳን ብዙም አልወድም። ደሴ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘሁት አሮጌ ኮምፒውተር ግን ድምፅ ባወጣ ቁጥር እንደ ዝንብ ጢዝ ይል ነበር፤ ለአባቴ ጆሮ ደግሞ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ግራው ከሄደ ቆይቷል። ቀኙን ያየው ሐኪም "እስካለ ድረስ ይጠቀሙበት" ብሎ አሰናበታቸው።

አባቴ መስማት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሞተች ዐሥር ዓመት ያለፋት እናቴ በሴቶች ዱዓ ላይ መንዙማ ስታወጣ የተቀዳ ካሴት አለን። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ሳሰማቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡና፣

"እሷን ትቶ ዝንቡን ነው እንዴ የቀዳው?" አሉ።

ደሴ ውስጥ አዲስ ካርድ የጠየቅኳቸው ሱቆች የሚመረጥ ነገር ስላልነበራቸው ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ መውረድ በእኔ ዕድሜ ላለ ወገብ አይመከርም። ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳየኝ አውራ ጣት የምታክል ትንሽ ካርድ ነበረች።

"ወላሂ ይቺ ትበቃዎታለች ጋሼ።"

"ቤት ላሉኝ አምስት ስፒከሮች?"

"ለስንት ጆሮ ነው?"

"ለአንድ" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ትንሿን ናቅኳት። ብዙ ያነበበ ሰው በትንሽ ነገር መርካት ያሳፍረዋል። እስከ ስድስት ስፒከር የሚነዳውን ባለ ስድስት ቻናሉን፣ ከኋላው ሦስት ባለቀለም ቀዳዳ ያለውን ካርድ ገዝቼ ዳገቱን ተመለስኩ።

በማግስቱ ስፒከሮቹን መመሪያው እንዳዘዘው ደረደርኩ፦ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሁለት ከኋላ። አድማጩ መሐል ይቀመጣል ይላል መመሪያው። የጻፈው ሰው የወሎ ሽማግሌ አያውቅም። አባቴ የሚቀመጡት ከበሩ ርቆ ባለው የኋላ ጥግ፣ ፍራሽ ላይ፣ ትራሳቸውን ተደግፈው ነው። የሚገባውን ሰው የሚያዩት፣ የሚመርቁትም፣ የሚቆጡትም ከዚያ ነው።

ካሴቱን ከፈትኩ። ዝንቡ ሞቷል። እናቴ ከፊት ካሉት ሁለት ስፒከሮች ጥርት ብላ ወጣች። አባቴ እየጠበቁ ያዩኛል።

"ጀምረው እንጂ።"

"ጀምሯል እኮ፣ አባ።"

ቀኝ ጆሯቸው ሥር ያለው የኋላ ስፒከር ድዳ ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ ቅጂ የሚወጣው ከፊት ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ ለፊልም ፍንዳታ የተሠሩ ናቸው። ይህንንም አንብቤው ነበር።

ወንበር አምጥቼ ሳሎኑ መሐል አስቀመጥኩ።

"እዚህ ይምጡ፣ አባ። እዚህ ይሰማል።"

"መሐል ቤት?" አሉ። "መሐል ቤት የሚያስቀምጡት የሞተ ሰው ጀናዛ ነው። ገና አልደረስኩም፤ ትንሽ ታገሠኝ።"

መከራከር ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ደክሞኝ ነበር። ከኮምፒውተሩ ኋላ ተንበርክኬ የፊት ስፒከሮቹን ገመድ ነቀልኩና የኋላዎቹን በፊቶቹ ቀዳዳ ሰካሁ። ያነበብኩት ሁሉ ስህተት የሚለው ነው።

እናቴ ከአባቴ ትራስ አጠገብ መንዙማዋን አወጣች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ የድቤው ምት ገባ። አባቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆዩ፤ ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም። አላለቀሱም። ሁለተኛው ዙር ላይ ስትደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትቸኩላለች" አሉ። "ስንት ጊዜ ነገርኳት።"

ከዚያ ወዲህ እንደ ካሴቱ ከፊት ብቻ የሚወጣ ፊልም ስናይ ሰዎቹ ፊት ለፊታችን ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፃቸው ከጀርባችን ይመጣል። ልጆቼ ያማርራሉ። ገመዱን ግን የሚነካ የለም።