በክር የተለካው የሰዓት መስታወት

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ደብረ ታቦር። ደክሞኝ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰዓት ሠሪው ሰዓቴን ለክቶ መስታወት የያዘች አንዲት የወረቀት ከረጢት አቀበለኝ፤ ክብ ተሥሎባት «302» ተጽፎባታል። ቅርጹ ክብ፣ ስፋቱ ሠላሳ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ማለት ነው።

ይህን ሰዓት ታላቅ ወንድሜ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ለአባታችን ትቶት ነበር። በልጅነቴ ጥዬ መስታወቱን የሰበርሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሰዓቱን ቤት አስቀምጠው፣ የመስታወቱን ቦታ ዳር እስከ ዳር በክር ለክተው፣ ከቀያችን ከገሳይ በእግር ወደዚህ ይዘውኝ መጡ። የያኔው ሰዓት ሠሪ ክሩን ሳብ አድርጎ ሣቀ።

«አያ ካሴ፣ ይህስ ለማተብ ይሆናል! ክር ይለጠጣል፣ ለመስታወት አይታመንም። ሰዓቱን አምጥተው እኔ ዘንድ ይተዉት።»

«አንዱን ለሰው እጅ ሰጥቼ መች ተመለሰልኝ?» አሉ አባቴ። ስለ ሌላ ሰዓት የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ይተዉትና ነገ ይውሰዱት» አለኝ የዛሬው ሰዓት ሠሪ።

ቁጥሩ ልክ ነው፤ አልተጠራጠርሁም። ሰዓቱን ግን መልሼ ኪሴ ከተትሁት።

መስታወቱ አልተገጠመም። ወንድሜ የት እንደ ወደቀ እስካሁን አልታወቀም።