ቦራ ያሰመረው ድንበር

ትናንት ልጄ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ ጥርባ የሚባል ቦታ ያለውን ደን ታሳየኝ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ እንደ ድስት ጆሮ ወጣ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

ያንን ካርታ ያሰመርኩ ጊዜ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ እንጅባራ ሥራ መጀመሬ ነበር። ዳንግላ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ጥርባ ያለውን ምንጭ የከበበውን ደን ዙሪያውን ዞሬ በስልክ ማስመር ነበር፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ የሄዱበትን ሁሉ ይስላል። ደኑን ለከሰል የሚቆርጡት በዝተው ምንጩ በየዓመቱ ይሳሳ ነበር። ካርታው ካልጸደቀ ደኑ አይከለልም።

የምንጩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ታደሰ፣ ጠዋት ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አብልተውኝ ሲያበቁ ገደሉን አዩ፤ ጫማዬንም አዩ።

«በእግርሽማ አትዘልቂውም፤ ቦራን ውሰጂ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም!»

«እሱ ያውቃል። አንቺ ብቻ ተቀመጪ።»

ወሩ ጥር ነበር፤ መንገዱ ሁሉ የደረቀ ሣር ይሸታል። ዙሩን ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ከምንጩ በላይ ካለው መላጣ ተረተር የሠርግ ከበሮ ተሰማ። ቦራ ዕድሜውን ሙሽራ ሲያጅብ የኖረ ፈረስ ነው። ጆሮውን ቀስሮ ሽቅብ ሸመጠጠ። ጋሼ ታደሰ ከኋላ ቀርተዋል። «ቁም! ኧረ ቁም!» እላለሁ፤ ግን ፈረሱ የሚሰማው አዊኛ ብቻ፣ እኔ የማውቀው አማርኛ ብቻ። ሁለት እጄ ጋማው ላይ ስለሆነ ስልኩን ማን ያጥፋው? ሠርገኞቹ ሲያዩን አጃቢ መስለናቸው እልልታውን አቀለጡት። ቦራ ዳሱን ዞሮ፣ እንግድነቱን ጨርሶ፣ በወዲያኛው በኩል ቁልቁል መለሰኝ። ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንም እንዲያ የሳቅሁበት ቀን የለም።

ካርታውን የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ስንከፍተው ደኑ ጆሮ አውጥቷል። የተሳሳተ ካርታ ማን ያጸድቃል?

«ነገ በእግሬ እደግመዋለሁ» አልኩ። «እዚህ ውስጥ የገባው ተረተሩ ነው፤ አንድም ዛፍ የለበት።»

ጋሼ ታደሰ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተረተሩ የወል ነው። ቦራ ከሰጠማ እኛ ምን ብለን እንነሳለን? ዛፉን እንተክላለና!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እየሳቁም ተስማሙ። ካርታው ከነጆሮው ጸደቀ። ክረምት ሲገባ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ኮሶና ወይራ አብሬያቸው ተከልኩ።

«ምንጩስ?» አለች ልጄ።

«ባለፈው ወር ጠጥቼበታለሁ፤ ጥርስ ያደነዝዛል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ካርታ አስምሬያለሁ፤ ሁሉም ልክ ናቸው። ዛፍ ያበቀለው ግን የቦራ ብቻ ነው።