ሳልሰነጥቅ የሰጠሁት እንጉዳይ

ይሄን ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን ዘልያታለሁ። አንተ የምታነበው አታውቀኝም፤ ለዛ ነው ላንተ የምናገረው።

ጉረኛ ነኝ፣ አልዋሽም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አራተኛን ሁለቴ ስለተማርኩ አምስተኛ በለው። እንጉዳይ ላይ ግን በአሶሳ ዙሪያ የሚያክለኝ የለም እል ነበር። ከቀርከሃው ጀርባ ያለውን ኩይሳ ከልጅነቴ ጀምሮ በየክረምቱ ሳየው ነው የኖርኩት። ዝናቡ እንደጣለ እንጉዳዩ እላዩ ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ግንድ የለው፣ ጥላ የለው፣ ድቡልቡል። በሳምንቱ ቡጢ ያክላል። ሳይለቀም ከቀረ ይጠቁርና ስትረግጠው ቡፍ ብሎ ቡናማ ጭስ ይለቃል። ስንቱ ላይ አቡንኜ ስቄያለሁ!

እንጉዳይ መለየት ያሳዩኝ ግን አባባ ሐሚድ ናቸው። ጎረቤታችን የሆኑ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ክረምት ክረምት እንጉዳይ ለቅመው ገበያ በማውጣት ነበር የሚኖሩት። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። እኔ ከልጆቻቸው ጋር ስላደግኩ በርታኛን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ እሳቸው ግን ከኔ ጋር በአማርኛ ማውራት ይወዱ ነበር። "ቁረጥ፣ ልብ እይ" ይሉኛል። "ልብ ሁሉ ነጭ፣ ብላ። ልብ ውስጥ ትንሽ ጥላ አለ፣ ጣል።" መርዛማው እንጉዳይ ገና ሳይከፈት ልክ ይሄንኑ ድቡልቡል ይመስላል፤ ለሁለት ስትሰነጥቀው ነው ውስጡ የታጠፈች ጥላ የምትታየው። እኔ ምን አደረግኩ? "እንጉዳይ ልብ አለው እንዴ? ፍቅርም ይይዘዋላ!" እያልኩ፣ አነጋገራቸውን እየኮረጅኩ ሰፈሩን አሳቅኩባቸው።

አንድ ክረምት እትዬ ጥሩነሽ፣ ከወሎ አብረውን የሰፈሩ የእናቴ ወዳጅ፣ "እስቲ አንተ አዋቂ፣ አምጣልኝ" አሉኝ። አንድ ፌስታል ሙሉ ለቅሜ ሰጠኋቸው። አንዱንም ሰንጥቄ አላየሁም። "እርግጠኛ ነህ ግን?" ሲሉኝ፣ "እትዬ፣ እኔ ከሩቅ በጠረኑ ነው የምለየው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እሳቸው ከትፈው ወጥ ሠሩት፤ ምን ማየት እንዳለባቸው የነገራቸው የለም።

እትዬ ሆስፒታል ገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ ይተርፋሉ ያለ ሰው አልነበረም። ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጉልበታቸው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያፋጥጠኝ፣ "አባባ ሐሚድ ናቸው ይበላል ያሉኝ" አልኩ። አስጠሯቸው። በበርታኛ ተናገሩ። ልጆቻቸው በቦታው አልነበሩም፤ ማን ያስተርጉም? እኔ! "ቆርጠህ እይ ብዬዋለሁ፤ ይሄን ደግሞ ጭራሽ አላሳየኝም" ነበር ያሉት። እኔ ለተሰበሰበው ሰው፣ "ዓይኔ ደክሟል፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ነው የሚሉት" አልኩ።

ይቅርታ የምትለዋን ቃል ያውቋታል። ዞረው አዩኝ። "እኔ? እኔ ይቅርታ ብሎ?" አሉ። ሰዉ በአማርኛቸው ሳቀ። በሳቸው መሳቅን ማን አስተማረው? እኔ። ያኔ እንኳ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አብሬ ሳቅኩ።

ከዛ ወዲህ ከሳቸው እንጉዳይ የሚገዛ ጠፋ። በዛ ዕድሜያቸው ቀርከሃ ተሸክመው ነው ገበያ የሚወጡት። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ልጄ፣ ደህና?" ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? እኔ አሁንም ክረምት ሲገባ ኩይሳው ጋ እሄዳለሁ። ነጩ ይወጣል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል። የሚለቅመው የለም።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል ያኔ ፂም አውጥቼ ነበር። ፈርቼ ነው እንዳልል እየሳቅኩ ነበር። አንተንም ማረኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ይቅርታውን በሳቸው ስም ብዬዋለሁ። በራሴ ስም ግን፣ በበርታኛም በአማርኛም፣ እስከ ዛሬ አላልኩትም።